በሌላው ጥፋት የተከሰሰው ጆይስቲክ

ስለ ፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ የተጻፈ ትችት ሰሞኑን እጄ ገባ። ጸሐፊው የድሮ ጌሞችን አጥብቀው የሚወዱ፣ የሚጫወቱበትን ዕቃ ግን አጥብቀው የሚጠሉ ሰው መሆናቸውን ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ አልደበቁም። ክሳቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የግራው አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሽ ዱላ) ያለቦታው ተቀምጧል፤ የአናሎጎቹ ጫፍ ወደ ላይ ያበጠ በመሆኑ አውራ ጣት ይንሸራተታል፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ኤል2 እና አር2 እንደ ቃታ የማይሳቡ ደረቅ ቁልፎች ናቸው፤ በቁልፎቹ ላይ የተሳሉት ቅርጾች ለማንም ምንም አይነግሩም፤ ቁልፎቹ የአጫጫንን ጉልበት ይለያሉ የሚባለው የማስታወቂያ ወሬ ነው፤ ሽቦው ደግሞ ተጫዋቹን ቴሌቪዥኑ ሥር ያስራል። ከዚህ ተነሥተው የፕሌይስቴሽን ቤቶች እነዚህን ጆይስቲኮች ጥለው አዳዲስ ገመድ አልባዎችን እንዲገዙ ይመክራሉ።

እኔ አዳማ ውስጥ ጆይስቲክ የምጠግን ሰው ነኝ። ከመናኸሪያ አካባቢ፣ ከፍራንኮ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሰፈር የሚመጡልኝ ጆይስቲኮች አብዛኞቹ ከሚጫወቱባቸው ልጆች በዕድሜ ይበልጣሉ። ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ በይጄ የምመልሳቸው እኔ ስለሆንሁ የሠሪውን ሐሳብ ከውስጥ በኩል የማየት ዕድል አለኝ። ከጸሐፊው ክሶች አንዱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ የእውነት ቁራጭ አለ። የቀረው ግን ወይ ሌላ ጌም ወይ ሌላ ጆይስቲክ የሠራው ጥፋት በዚህኛው ትከሻ ላይ የተጫነበት ነው።

በግራው አናሎግ ልጀምር፤ ጸሐፊውም ብዙ ቀለም ያፈሰሱበት እርሱ ነውና። የግራ አውራ ጣት ሳይጨነቅ የሚያርፍበት ከፍ ያለው ቦታ ለአራቱ ቀስቶች ተሰጥቶ አናሎጉ ወደ ታችና ወደ መሀል መገፋቱ የንድፍ ስንፍና ነው ይላሉ። በአብነት የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጡትን ሌሎች የጌም ማሽኖች፣ የኒንቴንዶን ጌምኪዩብና የማይክሮሶፍትን ኤክስቦክስ ነው፤ ሁለቱም አናሎጉን ከላይ፣ ቀስቶቹን ከታች አድርገዋል።

ዕቃው ግን በአንድ ቀን አልተወለደም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ አብሮት የመጣው ጆይስቲክ አናሎግ የሚባል ነገር አልነበረውም። በግራ ቀስቶች፣ በቀኝ አራት ቁልፎች፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ ለአመልካችና ለመሀል ጣት የተሰጡ አራት ቁልፎች ነበሩት። ጌም ሠሪዎች ይህን ታሳቢ አድርገው ሠሩ፤ የተጫዋቹም እጅ በዚህ ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት አናሎግ ለመጨመር ሲታሰብ በፕሌይስቴሽን ሠሪው በሶኒ ፊት ሁለት መንገድ ነበር፤ የነበረውን አፍርሶ አዲሱን በክብር ቦታ ማስቀመጥ፣ ወይም የነበረውን ሳይነኩ አዲሱን በተረፈው ቦታ ማስገባት። ሁለተኛውን መረጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንዝረትን የያዘው ዱዋልሾክ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 የቀድሞውን ማሽን ዲስኮችም ያጫውት ስለነበር አቀማመጡ ሳይነካ ቀጠለ። አሮጌ ዲስክ ከትቶ የለመዳቸውን ቀስቶች ታች ወርዶ የሚፈልግ ሰው ምን ሊል እንደሚችል ጸሐፊው አላሰቡበትም።

ከዜሮ መጀመር የሚቻለው አሮጌ ዕዳ ለሌለበት ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1996 ኒንቴንዶ 64ን ሲያወጣ ማሽኑ የቀድሞውን የራሱን ማሽን የሱፐር ፋሚኮምን ካርትሪጅ አይቀበልም ነበርና ጆይስቲኩን እንደ ልቡ ቀረጸው። ውጤቱ ሦስት እጀታ ያለው ዕቃ ሆነ፤ አናሎጉ መሀለኛው እጀታ ላይ፣ ቀስቶቹ ግራው ላይ። ሁለት እጅ ብቻ ያለው የሰው ልጅ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መጨበጥ ስለማይችል ከጌም ወደ ጌም አያያዙን ሲቀያይር ይውላል። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ለዕለት ሥራ ግን አልመርጠውም። ጸሐፊው ያሞገሱት ጌምኪዩብም አናሎጉን ከፍ ለማድረግ ሲል ቀስቶቹን አሳንሶ ጥግ አስገብቷቸዋል። በቀስት የሚመራ የድብድብ ጌም በዚያ ላይ ይሞክሩትና ያኔ ስለ አውራ ጣት እንነጋገር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። በፕሌይስቴሽን ቤቶቻችን ከጠዋት እስከ ማታ የሚከፈተው ጌም ምንድን ነው? ኳስ ነው። ዊኒንግ ኢለቨን ነበር፤ በኋላ ፒኢኤስ የሚለው ስም ተለመደ። ለዚህ ማሽን የተሠራው ፒኢኤስ 2014 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ማሽኑ ለገበያ ከቀረበ ከ13 ዓመት በኋላ። በዚህ ጌም ካደጉት ሰዎች ብዙዎቹ ሩጫውን የሚያዙት በቀስቶቹ ነው። ተከላካይ ሲጠጋ በድንገት ወደ ጎን መታጠፍ ሲያስፈልግ ቀስት ሲነኩት ይታዘዛል፣ ሲለቁትም ወዲያው ያቆማል። አናሎጉ ግን ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ መሀሉን አቋርጦ ሌላው ጠርዝ መድረስ አለበት። በአንድ ጎል በሚወሰን ግጥሚያ፣ የተሸነፈው ተነሥቶ ለተረኛ በሚለቅበት ቤት፣ ይህች ልዩነት ትንሽ አይደለችም። ለእነዚህ ሰዎች ከፍ ያለው ቦታ ለቀስት መሰጠቱ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ክስ በማስረጃነት የዘረዘሯቸው ጌሞች ሁሉ ደግሞ የተኩስ ጌሞች ናቸው። በተኩስ ጌም ሁለቱም አውራ ጣቶች አናሎግ ላይ ይውላሉ፤ አንዱ ያራምዳል፣ ሌላው ያነጣጥራል። ሁለቱ አናሎጎች በእኩል ከፍታ ጎን ለጎን መሆናቸው በእንዲህ ያለ ጌም ላይ ግራውን ከቀኙ የባሰ የሚያደርግበት ምክንያት የለም። ክሱ በእውነት የሚያይልበት ሌላ ቦታ ነበር፤ በግራ አናሎግ እየሮጡ በቀኝ እጅ አራቱን ቁልፎች በሚመቱባቸው የጀብዱ ጌሞች። እዚያ የቀኝ አውራ ጣት ዘና ብሎ ሲውል የግራው ወደ ታች ተዘርግቶ ይውላል፤ ጨዋታው ሲረዝምም ይሰማል። ይህን እቀበላለሁ፤ ጸሐፊው ግን አላነሡትም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 እስከ ወጣው የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ፣ እስከ ዱዋልሴንስ ድረስ ይህንኑ አቀማመጥ ይዞ መምጣቱም በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ኩባንያም እንደ ሰው በልማድ ይኖራል። ሆኖም ይህን ያህል ዘመን የቀጠለን ምርጫ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንፍና ብሎ ማለፍ ራሱ ስንፍና ነው።

ይበልጥ ወዳናደደኝ ልለፍ። ጸሐፊው ቁልፎቹ የአጫጫን ጉልበት አይለዩም ያሉት ራሳቸው ሞክረው ነው፤ ቀስ ብለውም አጥብቀውም ተጭነው ለውጥ አላዩም። በዚያው አንቀጽ ጆይስቲኩ ውስጡ ባዶ እስኪመስል ቀላል መሆኑን፣ ሲነዝርም በአንድ ወገን ብቻ እንደሚነዝር በምሬት ጽፈዋል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የገለጹት ዕቃ ፎርጅድ ነው።

ዱዋልሾክ 2 የተባለው ኦርጅናሉ የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ በካቻቪቴ ሲከፈት በግራ እጀታው ውስጥ ትልቅ ክብደት የሚያዞር ሞተር፣ በቀኝ እጀታው ውስጥ ትንሽ ሞተር ይገኛል። ትልቁ ከባድና ቀርፋፋ ንዝረት ይሰጣል፤ ትንሹ ስስና ፈጣን። መኪና ከግንብ ሲጋጭና ጎማው ጠጠር ላይ ሲወጣ በእጅ የሚሰማው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። እኔ ከከፈትኋቸው ፎርጅዶች ብዙዎቹ አንድ ሞተር ብቻ ነው ያላቸው፤ ምንም የሌላቸውም አሉ። ቅርፊቱን ግን አሳምረው ይቀዱታል፣ ጽሑፉንም ያትሙበታል፤ ሻጩም ኦርጅናል ነው ብሎ ይምላል፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ አያውቅም።

የቁልፎቹም ነገር እንዲሁ ነው። በኦርጅናሉ ከየቁልፉ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጎማ አለ፤ ሲጫኑት ስስ ፕላስቲክ ላይ ከታተመ ሰርኪዩት ጋር ይገጥማል። ጉልበቱ ሲጨምር ጎማው እየተዘረጋ የሚነካው ስፋት ይጨምራል፤ ስፋቱ ሲጨምር የኤሌክትሪኩ ተቃውሞ ይቀንሳል፤ ማሽኑም ይህን ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ያነበዋል። ስታርት፣ ሴሌክትና አናሎግ የሚሉት ቁልፎች፣ እንዲሁም አናሎጎቹ ወደ ታች ሲጫኑ የሚሠሩት ኤል3 እና አር3 ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ቀስቶቹን ጨምሮ በሙሉ እንዲህ ናቸው። በፎርጅዱ ላይ ግን ቁልፉ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ በመካከል ምንም የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ግራን ቱሪዝሞ 3 ላይ ኤክስን በለስላሳው ሲጫኑት መኪናው ነዳጁን በልኩ ይወስዳል። በዚያው ዓመት በወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ 2 ላይ ደግሞ ካሬውን ቀስ ብሎ በመልቀቅ የተደገነውን መሣሪያ ሳይተኩሱ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ወሬ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ይተኩስ ነበር።

ሌላም አለ። ጸሐፊው ሙከራውን ያደረጉት በኳስ ጌም ነው፤ በኳስ ጌም ኦርጅናል ቢይዙም የሚያዩት ነገር የለም። በዊኒንግ ኢለቨን የምቱ ኃይል የሚለካው ቁልፉ በተያዘበት ጊዜ ርዝመት ነው፤ ከተጫዋቹ ስም ጋር የምትታየው መለኪያ እስክትሞላ መያዝ፣ ሲበቃ መልቀቅ። አውራ ጣቱ እስኪነጣ ድረስ ካሬውን የሚጨቁን ልጅ በየቀኑ አያለሁ፤ ኳሷ ግን ግድ የላትም። ጸሐፊው የዚህ ነገር ጥቅም ጠባብ ነበር ቢሉ ኖሮ ባልተከራከርሁ፤ ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2013 በፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በዱዋልሾክ 4 ላይ ከአራቱ የቀኝ ቁልፎች አንሥቶታል። ጥቅሙ የጠበበን ነገር የለም ማለት ግን ሌላ ነው፤ በፎርጅድ ሞክሮ የለም ማለት ደግሞ ይብሳል።

ቅርጾቹ ምንም አይነግሩም መባሉ ደግሞ ንድፉ የማን እንደሆነ ካለመጠየቅ የመጣ ይመስለኛል። ጆይስቲኩን የነደፈው የሶኒው ቴዩ ጎቶ ነው። ራሱ እንዳስረዳው አረንጓዴው ሦስት ማዕዘን እይታን፣ ሮዙ ካሬ ወረቀትን ማለትም የምርጫ ዝርዝርን፣ ቀዩ ክብ እሺታን፣ ሰማያዊው ኤክስ እምቢታን እንዲወክሉ ነው የተመረጡት። በነገራችን ላይ በኩባንያው ውስጥ ጆይስቲኩ እንደ ሱፐር ፋሚኮም ጠፍጣፋ እንዲሆን የሚገፋፉ ሰዎች ነበሩ፤ እጀታ ያለውን የጎቶን ቅርጽ ደግፈው የቆሙት የሶኒው መሪ ኖሪዮ ኦጋ ናቸው። ጸሐፊው ስለ እጀታው አንድም ክፉ ቃል አለመናገራቸው የኦጋን ፍርድ ያጸናል።

እርግጥ ነው፣ ትርጉሙ ከጃፓን ሲወጣ ተዛብቷል። ከጃፓን ውጭ በተሸጡት ጌሞች ዘንድ ኤክስ እሺ፣ ክብ ወይም ሦስት ማዕዘን መመለሻ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር ጃፓንም ወደ ኤክስ ዞረች። ጸሐፊው በዚህ ቢይዙት ኖሮ ጥሩ ነጥብ ነበር። እርሳቸው ግን መፍትሔው የላቲን ፊደል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ኤ፣ ቢ፣ ኤክስ፣ ዋይ ይጻፍበት ይላሉ። የትኞቹ ሌሎች? በሱፐር ፋሚኮም ኤ በቀኝ፣ ቢ ከታች ነው፤ በኤክስቦክስ ኤ ከታች፣ ቢ በቀኝ ነው። ኤክስ እና ዋይም እንዲሁ ቦታ ተለዋውጠዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ፊደሉን አውቆ ቦታውን ይስታል። እዚህ አዳማ ውስጥ ደግሞ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋፍተው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ በቁቤ የሚማር፣ አንዱ በግዕዝ ፊደል የሚማር፣ አንዱ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሊሆን ይችላል። ካሬ ለሦስቱም ካሬ ነው። ታላቁ ከኋላ ሆኖ «ሰማያዊውን! ሰማያዊውን!» ብሎ ሲጮህ ታናሹ የሚሳሳተው ፈርቶ እንጂ አጥቶት አይደለም።

በኤል2 እና አር2 ላይ ብዙ አልልም። ለመኪና ጌም ጸሐፊው ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሴጋ ኩባንያ ማሽን ድሪምካስት በልኩ የሚሳብ ቃታ ነበረው፤ ሶኒም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 በፕሌይስቴሽን 3 ወደ ቃታ ዞሯል። ለኳስና ለድብድብ ግን ለቅጽበት ተነክቶ የሚለቀቅ አጭር ቁልፍ ይሻላል፤ ጣት ቃታውን እስኪስብ ተከላካዩ አልፎታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከመኪናው ኳሱ ይበዛል።

አሁን ወደማይካደው። የአናሎጎቹ ጫፍ ያበጠ መሆኑ እውነትም ጥፋት ነው፤ ጸሐፊው ያላወቁት ደግሞ ጥፋቱ ከገመቱት ይልቅ የከፋ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዱዋልሾክ ጥቂት ወራት ቀድሞ የወጣው ዱዋል አናሎግ የተባለው ጆይስቲክ ጫፉ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነበር። ሶኒ የተሻለውን በእጁ ይዞ ሳለ ተወውና ወደ አበጠ ጎማ ሄደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዱዋልሾክ 4 ጠርዝ ያለው፣ መሀሉ የጎደጎደ ጫፍ ሲመልስ የቀድሞው ምርጫ አለመሳካቱን በሥራ መሰከረ። የአዳማ ሙቀት ያላበው አውራ ጣት በለሰለሰ ጎማ ላይ ምን እንደሚሆን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። ጎማው ሲያረጅ ተቆርሶ ይነሣል፤ ከሥሩ የሚቀረው ፕላስቲክ ደግሞ ጣት ይልጣል። ብዙ ቤቶች ከላይ የሚደረብ የጎማ ክዳን እያለበሱ ነው የሚያሠሩት፤ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው፤ መንሸራተቱንም ያስቀራል።

ከጽሑፉ የጎደለው ዋና ክስ ግን ሌላ ነው፤ በእርሳቸው ቦታ ብሆን በእርሱ እጀምር ነበር። ጣት አናሎጉን ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች በራሱ ወደ አንድ ወገን የሚሄድበት በሽታ። ወደ እኔ ከሚመጡት ጆይስቲኮች መካከል ከሽቦ መበጠስ ቀጥሎ የሚበዛው ይህ ነው። ምክንያቱ አናሎጉ በፖቴንሽዮሜትር የሚሠራ መሆኑ ነው፤ በአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ውስጥ እንዳለው ሁሉ፣ አንዲት ስስ ብረት ካርቦን በተቀባ መንገድ ላይ እየተንሸራተተች የምታርፍበትን ቦታ ታሳውቃለች። መንገዱ ሲፋቅ ወይም አቧራ ሲገባበት መልእክቱ ይዛባል፤ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ጆይስቲኩ ይስታል። በዙሪያዋ ባሉ ኮረብቶች ላይ የነፋስ ተርባይን በተተከለባት ከተማ ስለ አቧራ ማብራራት ትርፍ ነው። መፍትሔው በዚያ ዘመንም ይታወቅ ነበር። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1996 ሳተርን ለተባለው ማሽኑ ባወጣው ባለ አናሎግ ጆይስቲክና በኋላም በድሪምካስቱ ላይ ማግኔትንና ሳይነካ የማግኔቱን ቦታ የሚለይ የሆል ሴንሰርን ተጠቅሟል፤ የሚፋተግ አካል ስለሌለ በዚህ መንገድ የሚያልቅ ነገር የለም። ሶኒ ያን አልመረጠም። ይህ የሚያስጠይቅ የንድፍ ውሳኔ ነው፤ ጸሐፊው ግን አናሎጉ የት እንደተቀመጠ ሲከራከሩ አናሎጉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያዩ አለፉት።

የቀረው ሽቦውና ምክራቸው ነው። ሽቦው ይበጠሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጆይስቲኩ በሚወጣበት አንገቱ ላይ። የተጎዳውን ቆርጦ የቀረውን መልሶ በስታኞ መበየድ ቀላል ሥራ ነው፤ ሽቦው ትንሽ ያጥራል እንጂ ጆይስቲኩ እንደ ቀድሞው ይሠራል። የገመድ አልባው ባትሪ ሲደክም ግን ተቆርጦ የሚጣል ክፉ ጎን የለውም፤ ሙሉው ይቀየራል። ሰው በሚጋፋበት ቤት ሽቦ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ጆይስቲኩ በማንም ቦርሳ ገብቶ አይወጣም። ባለቤቶቹን ይጠይቁ።

የሚመክሩት አዲስ ጆይስቲክ ለፕሌይስቴሽን 2 ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ ለመገናኘት አስማሚ ይፈልጋል፤ አስማሚው ለእያንዳንዱ ጆይስቲክ ተጨማሪ ወጪ ነው። የዛሬው ዱዋልሴንስ አናሎግም በዚያው በሚፋተገው ፖቴንሽዮሜትር የሚሠራ ስለሆነ የአዳማ አቧራ እርሱንም አይምረውም፤ ሁለቱ አናሎጎችም ጸሐፊው በጠሉት በዚያው ቦታ ተቀምጠዋል። ለእርሱ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለኦርጅናሎቹ የአናሎግ መለዋወጫና የጎማ ክዳን ቢውል ይሻላል። መጣል ያለበትን ጆይስቲክ መለየት ለሚፈልግ የቤት ባለቤት ደግሞ ከፍቶ ሞተሮቹን ማየት ነው፤ ከሁለቱ እጀታዎች በአንዱም ቢሆን ሞተር የጎደለውን ይጣል፣ ሁለቱም ያሉትን ያሠራ።